ብልቃጥ ውስጥ ያለ ሆድ ስለ እንጀራችን ምን ያህል ያውቃል?

እርሾ37
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። በምግብ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው፤ የመመረቂያ ሥራዬ እንጀራ ላይ ነው። ጤፍና ዳጉሳ በተለያየ መጠን አደባልቄ፣ ከ1 እስከ 3 ቀን አቡክቼ እጋግራለሁ። እንጀራውን ግን ሰው አይበላውም። ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይፈጫል። ከዚያ ውስጡ ካለው አይረን (ሰውነት ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን) ምን ያህሉ ተፈትቶ እንደሚወጣ እለካለሁ።

እስካሁን ያየሁት ደስ ይላል። ብዙ የቦካው ትንሽ ከቦካው የበለጠ አይረን ይለቃል። ዳጉሳው ሲበዛ ደግሞ መልሶ ይይዘዋል።

እሑድ ሽምብጥ እናቴ ቤት ሄጄ ይሄን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ይሄ ጠርሙስሽ ግን ይርበዋል?" አለችኝ። ለቀልድ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

ማክሰኞ ደግሞ በራዲዮ ስለ ምግብ ዝግጅት የሚያቀርብ ልጅ ደወለልኝ። "3 ቀን የቦካ እንጀራ የደም ማነስን ይከላከላል ብለሽ ተናገሪልኝ" አለ። እንዲህ ማለት አልችልም። ምን ማለት እንደምችልም ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ሳላሳስት፣ ሥራዬንም ሳላሳንስ እንዴት ልናገር? እስቲ እርዱኝ።

የመራዊ መምህር
በርቺ እህቴ። እኔ ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ "ኢንዛይም" የምትለዋን ቃል ሸምድደው ፈተና ላይ ይጽፏታል እንጂ ሥራዋን አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንደሚሆን ከጥርስ ጀምረሽ ንገሪን። ምክሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እርሾ37
እሺ መምህር፣ ከጥርስ ልጀምር።

የምሠራበት ዘዴ ኢንፎጀስት ይባላል። የብዙ አገር ተመራማሪዎች ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት፣ በ2019 ያሻሻሉት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ አሲድና በራሱ ሰዓት ስለሚሠራ የአንዱን ውጤት ከሌላው ጋር ማስተያየት ከባድ ነበር።

እንጀራውን በሥጋ መፍጫ አሳልፈዋለሁ። ይሄ ጥርስ ነው። በላዩ እኩል መጠን ያለው ሰው ሠራሽ ምራቅ እጨምራለሁ። ስታርቹን የሚቆርጠው አሚሌዝ እዚህ ይገባል። ቆይታው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀጥሎ ፕሮቲን የሚቆርጠው ፔፕሲን ያለበት የጨጓራ ፈሳሽ፣ እሱም በእኩል መጠን። አሲዱን ጠብ ጠብ እያደረግሁ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 3 ላይ አደርሰዋለሁ። ከዚያ በ37 ዲግሪ ሙቀት ለ2 ሰዓት እየተገላበጠ ይቆያል። በመጨረሻም ፓንክሪያቲን (የጣፊያ ኢንዛይሞች ድብልቅ)ና ሐሞት ይገባል፣ ፒኤቹ ወደ 7 ይመለሳል፣ ሌላ 2 ሰዓት። ይሄ ትንሹ አንጀት ነው።

ብታዩት ደስ ይላችኋል። መጀመሪያ ላይ የእንጀራው ዓይን ቁርጥራጩ ላይ ገና ይታያል። ጨጓራው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ዓይኑ መጥፋት ይጀምራል፤ 2 ሰዓት ሲሞላ ቀጠን ያለ አጥሚት ይመስላል። ሐሞቱ ሲገባ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሽታውም ሆድ ዕቃ ሲታጠብ የሚሸተው ሽታ ነው። ከዚያ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ከትቼ አሽከረክረዋለሁ። ደቃቁ ከታች ይረጋል፣ ጥርት ያለው ከላይ ይቀራል። እኔ የምለካው ከላይ ያለውን ነው።

ይሄ ሁሉ አንድ ቀን ይፈጃል። ባለፈው ወር ጨጓራው ላይ 1 ሰዓት ተኩል እንደሞላው መብራት ሄደ። ሮጬ ከካፌ በፔርሙስ ሙቅ ውሃ አመጣሁ፣ በቴርሞሜትር እያየሁ ስጨምር ቆየሁ። ግን ወደ 31 ወርዶ ነበር። የ12 ብልቃጥ ሥራ ደፋሁት። በማግስቱ እንደገና ሊጥ አቦካሁ።

የመራዊ መምህር
የሙቀቱን ነገር ስታነሺ ላዛሮ ስፓላንዛኒን አስታወስሽኝ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ካህንና ተመራማሪ ነው። የጨጓራ ፈሳሽና ሥጋ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ጨምሮ፣ የሰውነት ሙቀት እንዲያገኝ በብብቱ ይዞት ይውል ነበር። ሥጋው ከሆድ ውጭ ሲሟሟ አየ። ጨጓራ ምግብን እየጨመቀ ብቻ ሳይሆን በፈሳሹም እንደሚፈታ ያሳዩት እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ናቸው። ስለዚህ ያንቺ ብልቃጥ የቆየ ዘር አለው።

ጊሽ ዓባይ ሰፈር
ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ለምን ሰው አይበላውም? እንጀራ እኮ መርዝ አይደለም። 20 ሰው ሰብስቦ ማብላት አይቀልም ወይ?

እርሾ37
ጥያቄህ ትክክል ነው። ማብላቱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የበሉት አይረን የት እንደገባ ማወቁ ነው። ደም ውስጥ ድሮም አይረን አለ። የትኛው ከዛሬው እንጀራ እንደመጣ ለመለየት ምልክት የተደረገበት የአይረን ዓይነት ምግቡ ውስጥ ይገባል። ከዚያ 14 ቀን ያህል ተጠብቆ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ምን ያህሉ እንደገባ ይለካል። ሰዎቹ ደም ይሰጣሉ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ምልክት የተደረገበት አይረንና መለኪያው መሣሪያም በጣም ውድ ነው።

እኔ የያዝኩት የዱቄት ድብልቅና የቡኮ ቀን ሲባዛ 15 ዓይነት እንጀራ ነው። 15ቱን ሁሉ ሰው ላይ መሞከር አይቻልም። ብልቃጡ ከ15ቱ ውስጥ 2 ወይም 3 ይመርጥልኛል። ሰው ላይ መሞከር ያለባቸው እነዚያ ናቸው።

ሲስተር ጣና
እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ነፍሰ ጡሮችን ነው የማየው። እህቴ፣ ሥራሽን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የብልቃጥሽ ጨጓራ በጣም ጤነኛ ነው።

ፒኤች 3 የአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ጨጓራ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ የጨጓራ ባክቴሪያ አለባቸው። አንዳንዷ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለወራት ስትውጥ ኖራለች። አሲዳቸው ያንቺን ያህል አይደለም። የእህሉ አይረን ደግሞ እንዲፈታ አሲድ ይፈልጋል። ሁክዎርም ያለባትም አለች፤ ከላይ ብትበላ ትሉ ከታች ደሟን ይመጥጣል። ከሐይቁ ዳር የሚመጡት ቢልሃርዚያም አለባቸው። አንድም ብልቃጥ ውስጥ ትል የለም።

ስለዚህ እባክሽ፣ ራዲዮ ላይ ስትወጪ ከእንጀራው በፊት "በጤና ባለሙያ የታዘዘላችሁን አይረን ፎሌት አታቋርጡ" በይ። "እንጀራው ይበቃኛል" ብላ ኪኒኑን የምትተው እናት ትኖራለች። አውቃቸዋለሁ፤ ሆዴን ያቃጥለኛል ብለው ለመተው ሰበብ የሚፈልጉ አሉ።

እርሾ37
ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ አልታየኝም ነበር። ከ15ቱ ውስጥ የመረጥኳቸውን በሌላ ፒኤችም ደግሜ እሠራቸዋለሁ። 3 ላይ፣ 4 ላይ፣ 5 ላይ። ለጨቅላ ሕፃን የተዘጋጀ ሞዴል ላይ የጨጓራው ፒኤች 5.3 ነው። ስለዚህ አሲዱን ከፍና ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነገር ነው። አሲዳቸው ለቀነሰባቸው እናቶች የቡኮው ጥቅም ይቀራል ወይስ ይጠፋል የሚለውን ቢያንስ ጥቆማ አገኛለሁ።

ኮደር ከፖሊ
እኔ ሶፍትዌር ነው የማጠናው። ብልቃጡን ለምን ትደጋግሚዋለሽ? በኮምፒውተር ማስላት አይቻልም? አንዴ ቀመሩ ከተጻፈ መብራት ቢሄድም ላፕቶፑ ባትሪ አለው።

እርሾ37
ይቻላል፣ ሰዎችም ይሠሩታል። ብዙ ዓይነት ነው ግን። ጨጓራ ምግብን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስና በምን ፍጥነት እንደሚያወርድ የሚያሰሉ አሉ። የምግቡን ይዘት ሰጥተኸው ምን ያህል አይረን እንደሚገባ የሚገምቱ ቀመሮች አሉ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2000 ከስዊድን የወጣ አለ። ፋይቴቱን (እህል ውስጥ ያለ፣ አይረኑን ይዞ የሚያስቀር ነገር)፣ ቫይታሚን ሲውን፣ ሥጋውን፣ ቡናውን ሁሉ ያስገባል። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ምን በልተው ምን እንደሚያወጡ የሚያሰሉም አሉ። አጎራ የሚባለው ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ የ773 ባክቴሪያዎች ሞዴል ነበረው፤ በ2023 ወደ 7,302 ደርሷል።

የኔ ችግር ቀመሩ የተለካው በእነሱ ገበታ ላይ መሆኑ ነው። ከ3 ቀን ቡኮ በኋላ አብሲት ተጥሎበት ምጣድ ላይ የወጣ ነገር እዚያ የለም።

ጋሼ ጉማራ
ልጆቼ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የሐይቁን ውሃ ስለካ ነው። ስለ ሆድ አላውቅም፤ ስለ ጣና ግን ላውራችሁ።

ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይገባሉ። ዝናብ ይጨመራል፣ ፀሐይ ይወስዳል። ከዚያ ጨረጨራ ላይ ያለው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ወደ ዓባይ የሚወጣው ይወሰናል። እኛ ይሄን በወረቀት እናሰላው ነበር፣ በኋላ ኮምፒውተር መጣ። የገባው ሲደመር፣ የወጣው ሲቀነስ፣ የሐይቁ ከፍታ ይገኛል። በጣም ጥሩ ይሠራል። ግን ጠዋት ጠዋት ሄደን የውሃ መለኪያ ዘንጉን ማንበብ ትተን አናውቅም። ስሌቱ ከዘንጉ ከተለየ ስሌቱን ነው የምናስተካክለው።

ሆድም በር አለው አይደል?

እርሾ37
ጋሼ፣ በትክክል አለው። ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት የሚያሳልፍ ጠባብ በር አለ። ውሃና ጠላ ቶሎ ያልፋል። ጠጣር ምግብ ግን እስኪደቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወጣል። ቅባት ከበዛበት ደግሞ የበለጠ ይዘገያል። የኔ ብልቃጥ ይሄን በር የለውም። 2 ሰዓት ሲሞላ ሁሉም በአንዴ ይገለበጣል፤ የክረምቱን ውሃ በሙሉ በአንድ ቀን እንደመልቀቅ ነው።

በር ያላቸው መሣሪያዎች አሉ። ቲም የሚባለው ኔዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራው እንደ ጨጓራ ይጨምቃል፣ አሲዱን በጊዜ ብዛት ይጨምራል፣ የተፈታውንም ቀስ እያለ ያወጣል። ቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ በ1993 የወጣው፣ "ሻይም" (SHIME) የሚባለው መሣሪያ ደግሞ እስከ ትልቁ አንጀት ይሄዳል፤ ውስጡ ከሰው የተወሰዱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ ጋ የሉም። እኔ ያለኝ ብልቃጥና ሙቅ ውሃ ነው። የርስዎን ምሳሌ ግን ለአማካሪዬ እነግረዋለሁ፤ በጣም ነው የገባኝ።

ኮደር ከፖሊ
ጋሼ ያሉት ይዞኝ ትንሽ ነገር ጻፍኩ። ቀላሉን ነው የጀመርኩት፤ የፋይቴትና የአይረን ንጽጽር። አንዱ የሌላው ስንት እጥፍ ነው የሚለውን በሞለኪውል ቁጥር ማስላት ነው። ከ1 በታች ቢሆን ጥሩ ነው ይላሉ።

ለምሳሌ ያህል 100 ግራም ዱቄት ውስጥ 10 ሚሊግራም አይረንና 500 ሚሊግራም ፋይቴት አለ እንበል። የፋይቴት ክብደት 660፣ የአይረን 56 ነው። ስካፍለው 4.2 ገደማ መጣ። ከ1 በታች ለማውረድ ቡኮው ፋይቴቱን ወደ 118 ሚሊግራም ማድረስ አለበት። ቀላል አይደለም ማለት ነው። ልክ ነኝ?

እርሾ37
ልክ ነህ! እርሾው የሚሠራው ሥራ ይሄ ነው። ሊጡ ሲኮመጥጥ ፋይቴትን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይመቻቸዋል። ግን አንድ ቀን አይበቃቸውም።

የመራዊ መምህር
ቆይ ቆይ። እዚህ ላይ እኔ የምለው አለኝ። ቤተሰቦቼ ገበሬ ናቸው። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው። መሬቱ በእበት ይለቀለቃል፣ በሬ ይዞርበታል፣ ነፋስ ሲመጣ ይዘራል። የቱንም ያህል ቢነፋ አፈር አብሮ ይገባል። የኛ አፈር ደግሞ ቀይ ነው። ቀይ የሆነው በአይረን ነው! ኮደር፣ ይሄን ቁጥርህ ውስጥ አስገብተኸዋል?

ኮደር ከፖሊ
አላስገባሁም። አሁን ሞከርኩት። አፈሩ 20 ሚሊግራም አይረን ጨመረ ብዬ አይረኑን 30 አደረግሁት። ፋይቴቱ ያው 500 ነው። ውጤቱ ከ4.2 ወደ 1.4 ወረደ።

አፈር ጨምሬ እንጀራውን "አሻሻልኩት"። ይሄ ትክክል ሊሆን አይችልም።

እርሾ37
ይሄን ያወቅህበት መንገድ በጣም ደስ አለኝ። በጤፍ አይረን ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረው ውዥንብር ይሄው ነው። በአንዱ መጽሐፍ ጤፍ ትንሽ አይረን አለው፣ በሌላው ከ10 እጥፍ በላይ። ልዩነቱ በአብዛኛው የአውድማ አፈር ነው። እህሉ በደንብ ሲታጠብ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈሩ አይረን ሲለካ ይቆጠራል፣ ሆድ ውስጥ ግን አብዛኛው አይፈታም።

ኮምፒውተሩ የሰጠኸውን አምኖ ያሰላል። አይረን ካልከው አይረን ነው። ብልቃጡ ግን አፈሩን ያውቀዋል፤ ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ታች ረግቶ አየዋለሁ፣ ቀላ ያለ ዝቃጭ። ጋሼ ያሉት የመለኪያ ዘንግ ለኔ ይሄ ነው።

ጋሼ ጉማራ
ተባረኪ ልጄ። እኔ ደግሞ ለምሳ ቆሮሶ ከሽሮ ጋር ነው የምወደው። ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

እርሾ37
ይጠቅማል ጋሼ። የዓሣ ሥጋ የእህሉ አይረን ወደ ሰውነት እንዲገባ እንደሚያግዝ ሰዎች ላይ ተለክቷል። ሎሚ ጨምቀው ቢበሉት ደግሞ ይበልጥ።

ጊሽ ዓባይ ሰፈር
ቡናስ? እኛ ቤት ምሳ ተነሥቶ ሳያልቅ አቦሉ ይቀዳል።

ሲስተር ጣና
ይሄንን እኔ ልመልሰው፤ በየቀኑ የምናገረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ጥናት አለ፤ ሰዎች ላይ የተሠራ። ከሥጋና ዳቦ ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጡ የሚገባው አይረን በ39 በመቶ ቀነሰ። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ ሲጠጡትም ያው ነው። ከምግቡ 1 ሰዓት በፊት ሲጠጡት ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮቼ "ቡናውን ከምሳ በፊት አፍሉት" እላለሁ። ቡናውን ተዉ ብላቸው አይሰሙኝም፤ ሰዓቱን ቀይሩ ስላቸው ግን የሰሙኝ አሉ።

እርሾ37
ሲስተር፣ ይሄ አልመጣልኝም ነበር፤ እንጀራዬን ያለ ቡና ነው ስፈጭ የከረምኩት። አንዱን ዙር ከአቦል ጋር እሠራዋለሁ።

አሁን ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ።

"ይርበዋል ወይ?" ነው ያለችው። አይርበውም። ሰው ግን ይርበዋል፤ አንጀቱም ጭምር። አይረን ያነሰው ሰው ከአንድ እንጀራ የሚወስደውና አይረን የሞላው ሰው ከዚያው እንጀራ የሚወስደው እኩል አይደለም። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል። አይረን ሲበቃን ሆርሞኑ ይበዛና አይረን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበት በር ይዘጋል። ሲጎድለን ይቀንስና በሩ ይከፈታል። ስንታመም፣ ኢንፌክሽን ሲኖረን፣ ቢጎድለንም እንኳ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ብልቃጤ ይሄን አያውቅም። ለሞላውም ለጎደለውም አንድ ዓይነት ይፈጫል።

ካኮ-2 የሚባሉ የአንጀት ሴሎች አሉ፤ ከአንድ ሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር የመጡ ናቸው። ሳህን ላይ 21 ቀን ያህል ሲያድጉ የትንሹን አንጀት ግድግዳ መምሰል ይጀምራሉ። የተፈጨውን እንጀራ ታቀርቢላቸዋለሽ፣ ምን ያህል አይረን እንደወሰዱ በውስጣቸው በሠሩት ፌሪቲን (አይረን የሚያስቀምጥ ፕሮቲን) ይታወቃል። እነሱ ከኔ ብልቃጥ አንድ እርምጃ ይቀድማሉ። ጉበት ግን የላቸውም።

ፊደል ያልቆጠረች እናቴ የጠየቀችው የሥራዬን ትልቁን ወሰን ነው። ዛሬ ደውዬ ነገርኳት። "ታዲያ እኔ የማላውቀውን ነገርሽኝ?" አለችኝ።

ሲስተር ጣና
እናትሽን ሰላም በይልኝ። ራዲዮኑስ?

እርሾ37
እንዲህ ልል ነው፤ ስህተት ካለው አርሙኝ።

"ላቦራቶሪ ውስጥ ሆድን በሚመስል ብልቃጥ ስንፈጨው፣ 3 ቀን የቦካው እንጀራ 1 ቀን ከቦካው የበለጠ አይረን ለቋል። ሰውነት ምን ያህሉን እንደሚወስድ ገና ሰው ላይ አልለካንም። የታዘዘላችሁን አይረን አታቋርጡ። ቡናውን ከምግብ ራቅ አድርጉት። ቡኮ ማቆየት ግን እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፣ ጉዳት የለውም።"

ልጁ "አጭር ነው፣ ደግሞ አያጓጓም" ሊለኝ ይችላል። ካልፈለገ ይቅር።

የመራዊ መምህር
እኔ ወድጄዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አነብላቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ዘንድሮ ከአንዱ ማሳ የወጣውን ጤፍ ግማሹን ሸራ ላይ፣ ግማሹን አውድማ ላይ ነው የወቃነው። ቅዳሜ በሚኒባስ ሁለት ከረጢት እልክልሻለሁ። ቀይ ክር ያሰርኩበት የሸራው ነው።

እርሾ37
ወይኔ መምህር፣ ለምን ነገርከኝ! እባክህ ክሩን ቀይረው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ልለካው። ካወቅሁ ዓይኔ ወደምፈልገው ያደላል።

የመራዊ መምህር
እሺ፣ ሁለቱንም ፈትቼ እንደገና አስራቸዋለሁ። የትኛው የሸራው እንደሆነ ለሲስተር ብቻ በውስጥ እጽፍላታለሁ። ለክተሽ ስትጨርሺ ጠይቂያት።